ከድልድዩ በታች ያየነው ድራማ

የእህቴ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከተማው ሁሉ ጋሽ ዱቄት ይለዋል። እኔ ፊት ለፊት ጋሼ፣ ከኋላው ጋሽ ዱቄት እለዋለሁ፤ እሱ በሁለቱም አይቀየምም። እንቅልፋም ነው። ሰነፍ ግን አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ አለበለዚያ እህቴ ታኮርፈኛለች። ሌላው ሰው ገና በአልጋው ላይ ሲገላበጥ እሱ ተነስቶ ሊጥ ያቦካል፣ ምድጃ ያቀጣጥላል፤ ሰው ቁርሱን በልቶ ሥራ ሲገባ የእሱ ቀን ተጋምሷል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተቀመጠበት ሁሉ መኝታው ነው። ፀጉሩን ሲቆረጥ ይተኛል። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ ተኝቶ፣ ሐኪሙ ራሱ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ቀስቅሶታል። የሠርጋቸው ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እህቴ ካሜራውን አፍጥጣ ታያለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። ፎቶ አንሺው ደጋግሞ ቢያነሳውም ያው ሆነበት፤ በመጨረሻ ሙሽራው የሚጸልይ ይመስላል፣ ያምራል ብሎ ሰጣቸው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለግማሽ ከተማ የቴሌቪዥን ድራማ ሲተርክ የኖረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር። ከተማችንን ድልድይ ለሁለት ይከፍላታል፤ የሳምንቱ ማታዎች ተከፋፍለው አንዳንዱ ለላይኞቹ፣ አንዳንዱ ለእኛ ለታችኞቹ ይበራል። ሐሙስ ማታ የላይኞቹ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያበደለት ድራማ የሚተላለፈውም ሐሙስ ማታ። ማን እንዲህ እንዳገጣጠመው አላውቅም፤ እኛ የታችኞቹ ግን የላይኞቹ ተንኮል ነው እንላለን፣ ዛሬም ቢሆን ከዚህ ቃላችን ፍንክች አንልም።

ጋሽ ዱቄት ያኔ ወንደላጤ ነበር፤ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዳቦ ቤቱ ደግሞ ከድልድዩ በላይ ነው። ባለቤቱ ቴሌቪዥን ገዝቶ ከመደርደሪያው በላይ ሰቅሎታል። ሐሙስ ማታ ጋሽ ዱቄት ለዓርብ የሚሆነውን ሊጥ አቡክቶ፣ እስኪነሳ ድረስ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ድራማውን ያያል። ዓርብ ከሰዓት ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ የሰፈሩ ሰው እኛ ግቢ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። እህቴ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እኔ ከጎኗ ቁልፍ እተክላለሁ፤ እሱ ደረጃው ላይ ይቀመጥና ይጀምራል። የሚገርመው እዚያ ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዝር አይልበትም ነበር።

ድራማው ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከንቲባው ከሌሎች ከተሞች ቀድመን መገኘት አለብን ብሎ የከተማውን ሰዓት ሁልጊዜ አስቀድሞ ይሞላል፤ ሕዝቡ በዚህ የተነሳ ምሳውን ሳይርበው ይበላል። ፖሊሱ ውሻ ስለሚፈራ የሚዘዋወረው ጋሪ ላይ ተቀምጦ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን የትኛው መድኃኒት ደስ ይልሃል እያለ ያስመርጣል። ሁለት ወንድማማች ፀጉር አስተካካዮች ደግሞ በአንድ ሱቅ እየሠሩ ተኳርፈዋል፤ የሚነጋገሩት በደንበኛው በኩል ነው። «ለወንድሜ መቀሱን ያቀብለኝ በልልኝ» ይላል አንዱ። «የራሱን መቀስ የት ጣለው በልልኝ» ይላል ሌላው። ደንበኛው ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ መልእክት ሲያመላልስ ይውላል። በሳቅ እንፈርስ ነበር።

እህቴ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። ምላሷ መርፌዋን ያስንቃል። ለጋብቻ የመጡትን ሁሉ አንዱን ብዙ ያወራል፣ አንዱን ሲሄድ እግሩን ይጎትታል እያለች መልሳ እናታችንን አንጀቷን አሳርራለች። አንድ ዓርብ ማሽኗን አቆመችና «ቆይ እስቲ፣ በዚህ ከተማ ሥራ ያላት ሴት የለችም? ሴቶቹ ሁሉ መስኮት ላይ ቆመው ማልቀስ ብቻ ነው?» አለችው።

ጋሽ ዱቄት ጆሮው ቀላ። ጉሮሮውን ጠረገና «አይ፣ በዚህ ሳምንት አንዲት ገብታለች» አለ።

«ምን ትሠራለች?»

«ትኬት ቆራጭ ናት።»

እንግዲህ ትኬት ቆራጯ በዚያ ዓርብ ገባች። ወደዚያች ከተማ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት አውቶብስ መምጣት አቁሟል፤ ቢሮሽን ዝጊ ያላት ግን የለም። ስለዚህ በየጠዋቱ መስኮቷን ከፍታ ትቀመጣለች፤ ሰውም ይመጣል። ወዴት ነህ ብላ ትጠይቃለች፣ ምን ልታደርግ፣ ማን ይጠብቅሃል። ምክንያቱ ካላሳመናት ትኬት አትቆርጥም። ከሚስቱ ተጣልቶ ልሂድ ያለውን «ሚስትህ ያለችው እዚህ ነው፤ ወደዚያ በእግር ነው የሚገባው» ብላ መለሰችው። አንድ ሽማግሌ መጥቶ ወደ ልጅነቴ ውሰጂኝ ቢላት፣ ሳትስቅ ቀና ብላ አይታው «ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ?» አለችው። ሽማግሌው ብዙ አሰበና ደርሶ መልስ አለ፤ የልጅ ልጆቹ ለራት ይጠብቁታል። ይሄን ጊዜ እናታችን በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ትኬቶቹን የምታስርበትን ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው፣ ይል ነበር ጋሽ ዱቄት። ሰው ሲያስረዝምባት ግራ ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች፣ ይላል። እህቴ ክሯን በጥርሷ ይዛ፣ ግራ ቅንድቧን አንስታ ታዳምጠዋለች። ከመሃላችን ልብ ያለ አንድ ሰው የለም። እኔማ ከሁሉም ቀርቤ ተቀምጬ ነበር፤ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደነበርኩ አሁን ሳስበው ራሴን ይገርመኛል።

ከዚያ ድራማው ውስጥ አንድ የመንገድ መብራት ጠጋኝ መጣ። ትኬት ልቁረጥ ብሎ መስኮቷ ሥር ይቆማል፤ ወዴት ስትለው ይጠፋበትና ይመለሳል። በሌላው ሳምንት ደግሞ ይመጣል። እህቴ ትናደድ ነበር። «ይህ ሰው አፍ የለውም?» ትላለች። አንድ ዓርብ ታዲያ ጋሽ ዱቄት ድንገት አቆመና «አግቢኝ አላት። ምን እንደምትል በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚታየው» አለ። ሰፈሩ ተናወጠ። ሰዉ ሲበታተን ጋሽ ዱቄት ጫማውን እያየ እህቴን «አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?» አላት።

«እሺ ነዋ የምለው። ምን ትጠብቃለች፣ አውቶብስ?»

በሳምንቱ ትኬት ቆራጯ እሺ አለች። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ዱቄት እንዲሁ ጫማውን እያየ ለራሱ አግቢኝ አላት፤ እህቴም እሺ አለች። እናታችን ማመን አቅቷት ግንባሯን ይዛ እያተኮሰሽ ነው ወይ አለቻት። እኔ ጓዳ ውስጥ ይዤ ምን ነካሽ ስላት «እንደሷ ያለች ሴት እሺ ካለች እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለችኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው።

ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ድራማውም አለቀ፣ ፈረቃውም ቀረ። ትኬት ቆራጯ ግን እህቴ ቤት ቀረች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እጅጌው አጠረ ብሎ የተሰፋ ዩኒፎርም ሲመልስባት፣ እህቴ ለአፍታ ዓይኗን ጨፍና «እሷ ብትሆን ምን ትለው ነበር?» አለችና «እኔ የለካሁት የልጆቹን እጅ ነው፣ የእርስዎን አይደለም» ብላ ሙሉ ጥቅሉን መልሳ አሸከመችው። እናታችን ስትሞትም እህቴ ከአልጋ አልነሳ ብላ ከርማ፣ አንድ ጠዋት «ትኬት ቆራጯ ብትሆን መስኮቷን ትከፍት ነበር» ብላ ተነሳችና ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። «የሷን ግማሽ ድፍረት በሰጠኝ» ትላለች ሁልጊዜ።

የላይኞቹ በእርግጥ እንዲህ ዓይነት ሴት በድራማው ውስጥ አልነበረችም ይሉ ነበር። ማን ሰምቷቸው? እኛና እነሱ በውሃውም፣ በመንገዱም፣ በድልድዩ ቀለምም ተስማምተን አናውቅም። እነሱ መብራት ስለነበራቸው ያዩ መስሏቸዋል፣ ያዳመጥነው እኛ ነን እንላቸዋለን። ክርክሩ ሁሌም እዚያ ላይ ያበቃል።

እንዲህ ኖረን ኖረን፣ በቀደም ዕለት ቴሌቪዥን ጣቢያው ያንን የድሮ ድራማ እንደገና ከመጀመሪያው ላሳያችሁ አለ። እህቴ እጇን አጨበጨበች። ጋሽ ዱቄት እራት እየበላ ነበር፤ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ጀርባውን መትተን ነው ያዳንነው።

በማግሥቱ የሴቶች ፀጉር ቤቴ መጣ። ወንድ አልሠራም፣ ያውቃል። ሰተት ብሎ ገብቶ ማድረቂያው ካስክ ሥር ራሱን ከቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

«ተኝቼ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። ሐሙስ ሐሙስ። የተዋናዮቹ ስሞች ሲያልፉ አያለሁ። ከዚያ ትንሽ አያለሁ። ከዚያ ሊጡ ተነስቷል።»

ማበጠሪያዬን አስቀመጥኩ። ከንቲባውስ አልኩት። እሱ አለ፣ መጀመሪያ ላይ ነው የሚወጣው አለ። ወንድማማቾቹስ? ግማሹ የእነሱ፣ ግማሹ የኔ ነው። ትኬት ቆራጯስ?

«እሷማ የለችም።»

«ጋሼ፣ እህቴ እኮ አንተን ያገባችው በሷ የተነሳ ነው።»

«እሱ አይደል ያስጨነቀኝ?» አለ ከካስኩ ሥር። «አታልለህ አገባኸኝ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ልጅ ድረናል፤ ሸምግለናል። ጨርቋን ጠቅልላ አንቺ ጋ ብትመጣስ?»

እኔ ጋ አንድ አልጋ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ልረዳው ወሰንኩ።

ቴሌቪዥኑን አበላሸነው፤ ያው ማበላሸት ከተባለ። እሱ ፊውዙን አወጣ፣ እኔ ዘብ ቆምኩ። እህቴ ወዲያው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጠራች። ጠጋኙ ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን በባትሪ አየና «ይገርማል፣ ፊውዙ የለም፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ ዱቄት አለ» አለ። እህቴ ባሏን አየችው። እሱ ቁጭ ባለበት ዓይኑን ጨፈነ። ለመጀመሪያ ጊዜ የውሸት ሲተኛ ያየሁት ያኔ ነው፤ አልቻለበትም፣ ማንኮራፋቱን ረስቶታል።

ቴሌቪዥኑ ተጠገነ፣ ድራማው ጀመረ። እህቴ የድሮዎቹን የታችኞች አሰባስባ ሳሎኑን ሞላችው። ከመካከላቸው ሁሉንም ነገር የሚያብራራ ጡረተኛ መምህር አለ፤ ከፊት የተቀመጠው እሱ ነው። ፖሊሱ በጋሪው ሲመጣ እልል ተባለ። ወንድማማቾቹ ሲወጡ ግን ሰዉ ግራ ተጋባ፤ ቀልዳቸው ሟሟ። «ድሮ ይበልጥ ያስቁ ነበር» አለ መምህሩ። ጋሽ ዱቄት በር ሥር ተቀምጦ ላብ ያጠምቀዋል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ድራማ እስከ መጨረሻው ያየው ያኔ ነው፤ ፍርሃት እንቅልፉን ነጥቆታል።

ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ፣ ትኬት ቆራጯ አልገባችም። አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች እያለች እህቴ ወንበሯ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጭራሽ መንገዱም በጎርፍ አልተቆረጠም፤ አውቶብሱ ያለምንም ኀፍረት ይመጣል ይሄዳል። «ቆርጠዋታል» አለ መምህሩ። «ጊዜ ለመቆጠብ ነው የሚያደርጉት። ሁልጊዜ የሚቆረጠው ቁም ነገሩ ነው።» ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ቆርጠዋታል አለ።

ከየክፍሉ በኋላ የድራማው ደራሲ፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፣ ስቱዲዮ ተቀምጦ የተመልካች ስልክ ይቀበላል። እህቴ ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈተችው። ጋሽ ዱቄትን አየሁት፤ አመድ መስሏል።

«ጌታዬ፣ ትኬት ቆራጯን የት ጣላችኋት?» አለች።

«የቷ ትኬት ቆራጭ?»

እህቴ ነገረችው። መስኮቷን፣ ጎርፉን፣ ከሚስቱ የተጣላውን፣ ወደ ልጅነቴ ውሰጂኝ ያለውን ሽማግሌ፣ አፉ የተያዘውን መብራት ጠጋኝ። ደራሲው አንዴም ሳያቋርጣት ሰማት። ከዚያ «እመቤት፣ ይህችን ሴት እኔ አልጻፍኳትም። ብጽፋት በወደድኩ። የጻፋትን ሰው ካወቁት ሰላም በሉልኝ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ጋሽ ዱቄት እንዲናገር በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ወለሉን ያያል። መምህሩ ቀደመና «ምስኪን፣ አርጅቷል። የገዛ ሥራውን ረሳው» አለ። ሁሉም አዎ አዎ አሉ፤ ለጋሽ ዱቄት ማምለጫ ሰጡት እንግዲህ። እህቴ ግን ተነሳች። «ነገ ጠዋት ጣቢያው ድረስ እሄዳለሁ። ፊልሙን አውጥተው ያሳዩኝ። ያቺን ሴት እንዲህ እንደ ዋዛ አልነበረችም ሊሉኝ አይችሉም» አለች። እሷ ካለች አለች ነው። ዋና ከተማ ሄዳ፣ በሰው ፊት፣ ባልነበረች ሴት ስትሟገት ታየኝ።

ጠዋት ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔ የሠራሁላትን ፀጉር በሻርፕ ሸፍና ከግቢው ልትወጣ ስትል ሰፈሩ ሊሸኛት ተሰልፏል። መምህሩ የምትናገረውን ያስጠናታል። ያን ጊዜ ጋሽ ዱቄት ሽርጡን እንደለበሰ፣ እስከ ክርኑ ሊጥ እንደሆነ፣ እያለከለከ በበሩ ገባ። በሠራበት ዘመን ሁሉ በዚያ ሰዓት ዳቦ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ አያውቅም።

«ዳቦውስ?» አለች እህቴ።

«ምድጃ ውስጥ ነው።»

«ማን እያየው?»

«ማንም» አለ። «አትሂጂ። የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ተኝቼ ነበር።»

ሁሉንም ተናገረ፤ እዚያው፣ በሰው ፊት። መቼም የሰው ነገር፣ አንዱ ጎረቤት ከኋላ ሆኖ በተሰበረ ድምፅ «ፖሊሱስ?» አለ። «እሱ አለ፣ እሱ ሳልተኛ ነው» አለ ጋሽ ዱቄት። ሰውዬው ተመስገን አለ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ብቻ ከንፈሬን ነከስኩ።

እህቴ ቦርሳዋን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«መብራት ጠጋኙ አግቢኝ እንዲላት ያደረግከው እኔን ለማታለል ነው?»

«አይደለም። እኔ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። እምቢ ብትይ የሚያፍረው መብራት ጠጋኙ ነው፤ እኔ ቀስ ብዬ ክፍሌ እገባለሁ ብዬ ነው።»

እህቴ ጨርቋን ጠቅልላ እኔ ጋ ስትመጣ እየታየኝ አልጋዬን ማሰብ ጀምሬያለሁ። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የያዛት። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀናሁባት» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ነገር በገጠመኝ ቁጥር እሷን በሆንኩ እላለሁ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ እሷ ጀግና ናት እላለሁ። እና ከየት አመጣሃት? ማንን አይተህ ነው?»

ጋሽ ዱቄት ጥያቄው አልገባውም። መምህሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ።

«በረንዳው ላይ ሌላ ማን ነበር?» አለ።

ያ የእህቴ ምላስ፣ ዳይሬክተር ያሸነፈው ምላስ፣ አንዲት ቃል ጠፋው። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ አትለኝም?» አለችው።

«የምታውቂ መስሎኝ» አለ።

እህቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እሱም ሊጡን ሽርጡ ላይ ጠርጎ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ከድልድዩ በላይ ከዳቦ ቤቱ ጭስ መውጣት ሲጀምር ሁላችንም አየን፣ ከመካከላችን ግን ተነስ ያለው ሰው የለም።